እጁን ከደረቱ ያላወረደው ሰው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚያሰማው ድምፅ ቀርቷል ወይስ አሁንም ካንቺ ቀድሞ ቤት ይገባል? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ? እኛ ዘንድ ሁሉም ደህና ነው። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት፣ መዝገብ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ፣ ሻዬን አጠገቤ አስቀምጬ ነው። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ይቀዝቅዝ። የሆነውን ሳልነግርሽ ሻይም ምሳም በጉሮሮዬ አይወርድልኝም።

መጀመሪያ ስለ ደብዳቤሽ ላመስግንሽ። እኔ አራት ገጽ ሙሉ ለፍልፌ፣ የመርከቧ ዘይት አጠጪ የጋሽ ግራሶ እውነተኛ ስም ማን ነበር ብዬ ብጠይቅሽ፣ አንቺ በሁለት መስመር ገላገልሽኝ። በአንደኛው ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ። በሁለተኛው «እጁ ደረቱ ላይ ነው አይደል?» በቃ። ደህና ነኝ እንኳ አላልሽም። ግን እነዚያ ሁለት መስመሮች የሠሩትን ሥራ ብታዪ፣ ለሌላ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ትጀምሪ ነበር።

ባለፈው በችኮላ ስለጻፍኩልሽ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። የወደቡ መሥሪያ ቤት አዲስ ሕንፃ ሠርቷል። ኮሪደሩ ላይ የድሮ መርከቦች ሠራተኞች በቡድን የተነሷቸው ፎቶዎች ሊሰቀሉ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሥር የሰዎቹ ስም ከነሥራቸው ይጻፋል። ፎቶዎቹ ስድስት ናቸው። አምስቱ ከጀርባቸው ስም ስለነበራቸው አላስቸገሩኝም። ስድስተኛው የእኛዋ መርከብ ነው፤ እናታችን የሠራተኞቿን ልብስ ታጥብላት የነበረችው የዕቃ መርከብ። ሃያ ሰባት ሰው፣ በሦስት ረድፍ፣ ሁሉም ነጭ ኮት ለብሰው መርከቧን ከኋላ አድርገው ቆመዋል። ከጀርባው ቀን ብቻ ነው ያለው። የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ከሌላ ፋይል ተገኘ፤ እሱም ሃያ ሰባት ነው። ግን ዝርዝሩ ፊት የለው፣ ፊቱ ስም የለው። ሁለቱን የማገናኘት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። በዚህ ዕድሜዬ ደላላ ሆንኩልሽ።

የዝርዝሩን መጨረሻ ደግሞ እርጥበት በልቶታል። የመጨረሻው መስመር ላይ የቀረው «የሞተር ክፍል ዘይት አጠጪ» የሚለው ብቻ ነው፤ ስሙ የነበረበት ቦታ ላይ ቡናማ ክብ አለ።

ኃላፊያችን የመርከቡ ሠራተኞች አለቃ የነበሩትን ሽማግሌ በመኪና አስመጣልኝ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ። ከዘራውን የሚይዙት ለመደገፍ ሳይሆን ለመጠቆም ነው። እየጠቆሙ ያወርዱልኝ ጀመር። ይሄ ወጥ ቤቱ፣ ይሄ ሬዲዮ ሠራተኛው፣ ይሄ ተኝቶ የሚያወራው። ተኝቶ የሚያወራው ተብሎ ግድግዳ ላይ አይጻፍም አባቴ ብላቸው፣ ከስሙ ይልቅ በዚያ ነው የሚታወቀው፣ ይጻፍ አሉኝ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይጨርሱ ሃያ ስድስቱን ጨረሱልኝ።

ሃያ ሰባተኛው ላይ ቆሙ። የመሐለኛው ረድፍ መጨረሻ፣ በስተቀኝ ጫፍ የቆመ ቀጭን ሰው። ኮቱ ድንኳን ሆኖበታል፤ እጅጌው ጣቶቹ ድረስ ወርዷል። ሌላው ሁሉ እጁን በጎኑ ሲያወርድ፣ እሱ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ግራ ደረቱ ላይ አሳርፏል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ እንደገና አዩ። ይህ የእኛ ሰው አይደለም አሉ። ለእያንዳንዳችን ልብስ ሰፊው ሜትር ይዞ መርከቡ ድረስ መጥቶ በልካችን ነው የሰፋልን፤ እንዲህ ኮት ውስጥ የጠፋ ሰው የእኛ ሊሆን አይችልም፤ ከወዛደሮቹ አንዱ ኮት ተውሶ ገብቶብን ነው አሉኝ።

ዘይት አጠጪው ግን ገና አልተገኘም፣ እሱ ቢሆንስ ብላቸው ሳቁብኝ። ልጄ፣ ማሽን ብቻውን አይተውም፣ እሱ ያን ቀን ታች ነው የቀረው አሉ። ደግሞ ግራሶን ስድስት ዓመት አብሬው በልቼ ፊቱ ይጠፋኛል? እንግዲያ ስሙን ንገሩኝ አልኳቸው። ግራሶ ነዋ አሉ። ሌላ ስም እንዳለው ማን ጠይቆት ያውቃል?

ኃላፊያችን ደስ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ነገር ሲያልቅለት ይወዳል። ለካ ፍሬሙ ከፎቶው በሁለት ጣት ያንሳል። ሰውዬው ጫፍ ላይ መቆሙ በጀን ብሎ ማስመሪያ አነሳና ከጎኑ በእርሳስ መስመር አሰመረ። ዓርብ ፍሬም ሠሪው ሲመጣ በዚያ ላይ ይቆረጣል አለ።

እታለም፣ ያቺን መስመር አይቼ ፎቶውን ወደ ራሴ ሳብኩት። እኔ ያን እጅ አውቀዋለሁ። ግን የማውቀውን ያወቅሁት በስምንት ዓመቴ ነው፤ በሕልሜ አይቼው ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። ለዚህ ነው ስለ እጁ ሆን ብዬ አንድ ቃል ሳልጽፍልሽ ስሙን ብቻ የጠየቅሁሽ። አንቺ ፎቶውን በዓይንሽ አይተሽው አታውቂም፤ ፎቶው ሲነሳ ሁለታችንም ወደብ አልነበርንም። መልስሽ ረቡዕ ደረሰኝ። ሁለተኛውን መስመር ሳነብ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ።

ወዲያው ሽማግሌውን አስጠራሁና ለእሳቸውም ለኃላፊያችንም ነገርኳቸው። አንቺ የምታውቂው ታሪክ ነው፣ ግን እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩት ስሚልኝ።

እናታችን በሁለት ክፍል ቤት ሃያ ሰባት ነጭ ኮት አጥባ ግቢው ሙሉ ተሰጥቶ፣ በማግስቱ ለብሰውት ፎቶ ሊነሱ ነው አልኳቸው። የምክትል አዛዡ ኮት ነበረበት፤ ያ አንዲት ቁልፍ ጠፋ ብሎ ሙሉ ጥቅል ልብስ የመለሰው ሰውዬ። ሁለተኛ ጥፋት ባይ ሥራውን ለሌላ አጣቢ እሰጣለሁ ብሏታል። እናታችን ከሰል ልትገዛ ወጣች። ካውያው የእሱ ኮት ላይ ተረሳ። ሲነሳ ግራ ደረቱ ላይ የካውያው አፍንጫ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፣ መዳፍ የሚያህል። በዚያ ላይ ጋሽ ግራሶ ኮቶቹን ሊወስድ መጣ። ከሁሉ ታናሽ ስለሆነ የሚላከው እሱ ነበር። እንደ ልማዱ እንዳያቆሽሽ ብሎ ከደጁ ድንጋይ ላይ፣ ጋዜጣውን አንጥፎ ተቀመጠ። እናታችን ኮቱን ዘርግታ አሳየችው። የኔን ለምክትሉ ስጧቸው፣ ይሄን እኔ እለብሰዋለሁ አላት። አንተማ ሁለት ጊዜ ትገባበታለህ፣ ቃጠሎውስ አይታይም ወይ አለችው። እጅ ለምን ተፈጠረ ብሎ እጁን አነሳ፤ ከዚያ እጁን አየውና ሳቀ። ጥቁር ነው፣ እስከ ክርኑ። ሳሙና ስጡኝ አለ።

ይህን ስናገር ሽማግሌው አጉሊ መነጽሬን ከእጄ ነጥቀው ፎቶው ላይ አቀረቀሩ። ከመሐል ጣቱ ጫፍ አለፍ ብሎ፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር ሾጣጣ ነገር አለች። የካውያው ጫፍ ናት። እጁ ትንሽ ስለነበር ሁሉንም አልሸፈነለትም።

ከዚያ ደብዳቤሽን ሰጠኋቸው። እህትሽ ፎቶውን አይታዋለች ወይ አሉኝ። አላየችም አልኩ። ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ፤ ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዘራቸው ወደቀ። ፎቶ አንሺው ያን ቀን እጅህን አውርድ እያለ ሦስት ጊዜ የጮኸበት ሰው ነበር፣ ማን እንደሆነ ዞር ብዬ አላየሁም አሉ። እኔ ግራሶን ታጥቦ አይቼው አላውቅም እኮ ልጄ። ስድስት ዓመት አብሬው በልቻለሁ፣ ፊቱን ግን ዛሬ ማየቴ ነው አሉኝ። ከዚያ ፎቶው ላይ ምክትሉን ፈለጉ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል፤ የኮቱ ቁልፎች ሊበጠሱ ደርሰው፣ የእጁ አንጓ ከእጅጌው አልፎ ሜዳ ላይ ወጥቶ። ያን ሰሞን ወፍሬያለሁ ብሎ ቁርስ ትቶ ነበር አሉና እንደገና ሳቃቸው አጣደፋቸው። ለሁለት ወር ቁርስ ያልበላ ሰው ነው ያ፣ በእናታችን ምክንያት።

ድንገት ግን ሳቃቸውን አቆሙና ታዲያ ማሽኑ ጋ ማን ቀረ አሉ። ማንም አልቀረም ማለት ነው አልኳቸው። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ደነገጡልሽ። ውኃ ሰጠናቸው።

የእርሳሱን መስመር በላጲስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፍሬም ሠሪው ሁለት ጣት ጨምሮ ሌላ ፍሬም ይሠራል፤ ኃላፊያችን ራሱ ነው ስልክ የደወለለት። ከሥሩ ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ይጻፋል፤ ከሃያ ሰባቱ አያቱ ድረስ የታወቀለት እሱ ብቻ ነው። አያቱን ከየት እንዳወቅሽ አልጠይቅሽም። ያን ቀን ውኃውን ያፈሰስሽለት አንቺ እንደሆንሽ ግን አስታውሳለሁ። እናታችን ለአንድ ሰው እጅ የሃያ ሰባት ኮት ውኃ አለቀ ብላ እስክትጮህ ድረስ አፈሰስሽለት። እጁ ነጻ፤ ከዚያ ፊቱን ታጠበ። ቀና ሲል እኔ ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ነበር። አንቺ ባዶ ጣሳ ይዘሽ ቆመሽ ቀረሽ። ይህን መስመር ባለቤትሽ አጠገብሽ ካለ ዝለይው።

አሁን ለእነሱ ያልተናገርኩትን ልጻፍልሽ።

እናታችን ከሰሉን ይዛ ስትገባ ካውያው አንቺ እጅ ውስጥ ነበር። በእርጥብ ፎጣ ስትመታሽ ዝም አልሽ። ውኃ ልትቀጂ ወጥተሽ ነበር፤ ባልዲው ደጃፉ ላይ ነበር፣ ውኃው ገና እየተወዛወዘ ጠርዙን ያልፍ ነበር። እናታችን ባልዲውን አላየችውም። እኔ አይቼዋለሁ። አልጋ ሥር ሆኜ ከዚያ ወዲያ የሚታየኝ የአንቺ እግርና ባልዲው ብቻ ነበር። ጋሽ ግራሶ ሲመጣ በበሩ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከንፈሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ቀረችበት። ከዚያ ነው ወደ እናታችን ዞሮ የምን ለቅሶ ነው ያላት።

ያ ሥራ በእጃችን ስለቀረ ነው መርከቧ እስክትሸጥ ድረስ የበላነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩት በዚያ ነው። አንቺ ስትተኩሺ እኔ ደብተር ዘርግቼ የተማርኩትን አነብልሽ ነበር፤ ፊደሉን የቆጠርሽው ካውያው እስኪሞቅ ባለው ጊዜ ነው። እነዚያን ሁለት መስመሮች በገዛ እጅሽ ጽፈሽ ሳይ፣ ከሰዉ ስም በፊት ያየሁት ጽሕፈትሽን ነው። እኔ እንዳሳየሁሽ «አ»ን አሁንም አንገቷን ሰበር አድርገሽ ትጽፊያታለሽ። ዛሬ አጉሊ መነጽር ይዤ የሰው ስም የምፈልግ ሰው የሆንኩት በሁለታችሁ እጅ ነው፤ አንዱ ደረቱ ላይ ባስቀመጠው፣ አንዷ ካውያ በያዘችበት። ለእሱ ግድግዳ ተገኘለት። ላንቺ ይህ ወረቀት ብቻ ነው ያለኝ፣ ይቅር በይኝ።

ኃላፊያችን ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ ካውያውን የረሳው ማን ነበር አለኝ። ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም አልኩት። ታውቂያታለሽ ወይ አለኝ። አሳምሬ አልኩት።

አንቺ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም፤ ምን ሠርተሽ አልጋ ሥር ገባሽ ብለሽ።

የፎቶውን ቅጂ በዚህ ፖስታ ውስጥ ከካርቶን ጋር አድርጌዋለሁ፣ እንዳይታጠፍ ቀስ ብለሽ ክፈቺው። የመሐለኛው ረድፍ፣ በስተቀኝ መጨረሻ። ታጥቧል።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ፣ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። እጆችሽን በሩቅ ሆኜ ስሜያቸዋለሁ። ቀጣዩ ደብዳቤሽ ከሁለት መስመር ከበለጠ አልጣላሽም።

ዘግይታ ከአልጋው ሥር የወጣችው፣
ታናሽ እህትሽ