ለማደሪያ ቆጥ ቁጥር አራት ስለተሰጠኝ ፈቃድ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የረግረጉ ጥብቅ ሥፍራ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ? ለራት ስትቀርቡ ወንበሮቹ ሁሉ ሰው አላቸው ወይ? ካላቸው ደስታዬ ወሰን የለውም። እኛም ከአንድ ሰው በስተቀር በጣም ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ማክሰኞ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ መልካም ዜና ነው። ታንኳ እየቀዘፍኩ ወደ ረግረጉ ገብቼ በማደሪያ ቆጥ ቁጥር አራት ላይ አንድ ሌሊት እንዳድር ያቀረብኩት ማመልከቻ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ጸድቆ፣ ክብ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከግርጌው «መልካም ጉዞ» ተብሎ ተጽፎበት መጥቶልኛል። ዕድሜ በሚለው ቦታ ላይ አሥራ ስድስት ብዬ ነበር የሞላሁት፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ሰው ብቻውን ማደር እንደማይችል የሚደነግገው አንቀጽ እዚያው ቅጹ ጀርባ ላይ ታትሟል። «ስለ ቦታው ያለዎት የቀድሞ ልምድ» በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ «ታላቅ ወንድሜ ከሁለት ወር በፊት እዚሁ ቁጥር አራት ዘንድ ሞቷል፤ ቆጡ የለም» ብዬ በጉልህ ጽፌ ነበር። ይህን አንብቦ መልካም ጉዞ የሚመኝ ሰው ልበ ሰፊ ነው፤ ሳያነብ የተመኘ ከሆነም እጀ ፈጣን ነው። በሁለቱም መንገድ አመሰግናለሁ።

ቦታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። በረግረጉ መካከል ድንኳን የሚተከልበት ደረቅ መሬት ስለሌለ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ውሃው ውስጥ ግንድ አቁሞ በላዩ ላይ ሳንቃ እያነጠፈ ማደሪያ ሠርቷል። ቆጥ የሚባለው ይህ ነው። በብሮሹራችሁ መሠረት ስድስት ናቸው።

የቋንቋ መምህራችን በይፋዊ ደብዳቤ ውስጥ ስድብ እንደማይገባና ሐሳብ በተራ ቁጥር ሲቀመጥ ለባለሥልጣን እንደሚቀል ስላስተማሩን፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ዝግጅት። ጽሕፈት ቤትዎ ለእናቴ በላከው የምርመራ ውጤት ላይ «ሟች በቂ ዝግጅት ሳያደርግ ወደ ጥብቅ ሥፍራው በመግባቱ ለሕልፈት ተዳርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ምርመራውን ያካሄዱት ባለሙያዎች ወንድሜን የማወቅ ዕድል ስላላገኙ ትንሽ ላስተዋውቃቸው። ወንድሜ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበር። አንድ ብሎን ለመቀየር ሲጠራ በሦስት መጠን ይዞ የሚሄድ ሰው ስለነበር፣ ብቻውንም ሲያስብ ስብሰባ የተቀመጠ ስለሚመስል፣ ጓደኞቹ «ኮሚቴው» ይሉት ነበር። ለዚህች ለአንድ ሌሊት አምስት ሳምንት ተዘጋጀ። ዝርዝሩ በወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለነበር ጨው ለማንሣት እጃችንን ስንዘረጋ እሱን ማንበብ ግድ ነበር። ሁለት መቅዘፊያና አንድ መጠባበቂያ። የረግረጉ ውሃ ስለማይጠጣ ለሁለት ሰው አሥራ ሁለት ሊትር ውሃ። ክዳኑ በሻማ በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ ክብሪት። ፉጨት፣ ገመድ፣ የግንባር ባትሪ፣ ሁለት ተንሳፋፊ ሰደርያ። ታንኳው ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ ከጎረቤት ሚዛን ተውሶ የቀኙንና የግራውን ጓዝ እያነሣ መዘነ።

አብሮት ሊቀዝፍ የተስማማው ጓደኛው መካኒክ ነው። ያንን ሁሉ ጓዝ አይቶ ለአንድ ሌሊት ነው ወይስ ቤት ልትለቅ ነው ብሎ ሲያሾፍበት፣ ወንድሜ የያዝኩት ለሁለት ሌሊት ነው፣ አንዱ ለእኛ ነው፣ አንዱ ለስሕተት ነው ብሎ መለሰለት። የማን ስሕተት እንደሆነ ያኔ አልጠየቅነውም።

ብሮሹራችሁን ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። እሱ ቅርብ ነው ብሎ ቁጥር ሁለትን ነበር የፈለገው። ቁጥር አራት ጣሪያ አለው፣ አራት ሰዓት ብቻ ነው የሚያስቀዝፈው፣ እሱ ይሻላል ብዬ ያግባባሁት እኔ ነኝ። በምርመራው ውጤት ላይ የእኔ ድርሻ ሳይጠቀስ መቅረቱ የጽሕፈት ቤትዎን ቸርነት ያሳያል። የእናንተ ድርሻ ሳይጠቀስ መቅረቱ ደግሞ ትሕትናችሁን።

2ኛ. ስለ ቆጡ መነሣት። ሠራተኞችዎ በበጋው ቆጥ ቁጥር አራትን አፍርሰዋል። ጣሪያውን ጫኑ፣ ሳንቃውን ጫኑ። ግንዶቹን ከጭቃ መንቀል አድካሚ ስለሆነ ግን ውሃው ባለበት ልክ በመጋዝ ቆረጧቸው። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው ከፍ አለና ዘጠኙን ጉቶዎች አንድ ስንዝር ያህል ሸፈናቸው። በታንኳው መንገድ፣ ከቦዩ መታጠፊያ ላይ ወደ ቁጥር አራት የሚያመለክተው ቀስት አልተነሣም፤ ዛሬም ቆሞ ሰው ይመራል።

ወንድሜና መካኒኩ በዕቅዱ ላይ እንደተጻፈው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አላሳለፉም። መካኒኩ እንደነገረን ታንኳው ጉቶው ላይ የወጣው ወንድሜ ቀና ብሎ ጣሪያውን ሲፈልግ ነው። ተገለበጡ። መካኒኩ ውሃ ላይ ወደቀ፣ የወንድሜ ጭንቅላት ሌላ ጉቶ ላይ። ስለ ዝግጅት ከተነሣ፣ ሰደርያው የተገዛለትን ሥራ በሚገባ ሠርቷል፤ እስከ ማግሥቱ ድረስ አንሳፍፎታል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት በልጅነታችን ስንሰማ የወረደውም የወደቀውም የአንዲት ሴት ነበር። በእርስዎ አመራር ግን ሥራው ተከፋፍሏል። ቆጡን የምታወርዱት እናንተ ናችሁ፣ ከብብቷ የሚወድቅባት እናቴ ናት።

3ኛ. ስለ ኮሪደሩ። የጥገና ክፍልና የፈቃድ ክፍል በአንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት መሆናቸውን ራሴ መጥቼ አይቻለሁ። ከበር እስከ በር ሦስት እርምጃ ነው፤ እግረ ረጅም ሰው በሁለት ይደርሳል። የጥገናው ሰው ቆጡ መፍረሱን ወዲያው በማስታወሻ እንደጻፉ ነግረውኛል፤ ቅጂውንም አሳይተውኛል። ነገር ግን በእርስዎ መመሪያ ማንኛውም ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል የሚሻገረው መጀመሪያ ፎቅ ወጥቶ፣ በእርስዎ እጅ «ይመራ» ተብሎ ተጽፎበት ሲወርድ ነው። ማስታወሻው ወጥቷል። ስለ መውረዱ የሰማ ሰው አላገኘሁም።

የፈቃድ ክፍሏ ሠራተኛም ሐቀኛ ሴት ናት። ቆጡ መፍረሱን ሻይ ላይ ሰምታ እንደነበር አልደበቀችኝም። ታዲያ ለምን ፈቃድ ሰጠሽው ብዬ ስጠይቃት፣ እኔ በወሬ አልሠራም የኔ ወንድም፣ በወረቀት ነው የምሠራው አለችኝ። ወንድም ብላ ስለጠራችኝ ከልብ አመሰግናታለሁ፤ በዚህ ሰሞን እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ጎድሎብኝ ነበር።

4ኛ. ስለ በረንዳው። የባለጉዳይ መጠባበቂያ በረንዳችሁ እጅግ ያማረ ነው። እኔና እናቴ የምርመራውን ውጤት ለመቀበል ስንመጣ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጠንበታል። ዘበኛው አግዳሚውን በኩራት መታ መታ እያደረጉ፣ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ከረግረጉ ነው የመጣው፣ ውሃ አይበላውም አሉን። ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ከአግዳሚው ሥር በነጭ ቀለም የተጻፈ ትልቅ «4» አየሁ። እናቴ አላየችም። ልጇ ተኝቶ ሊያድርበት የነበረው ሳንቃ ላይ ተቀምጣ፣ ልስላሴውን በእጇ እየዳሰሰች፣ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ተነሺ ልላት ፈልጌ ጫማዬን ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ይህን ደብዳቤ ስታነብ ታውቃለች። ለባለጉዳይ ምቾት ይህን ያህል መጨነቅዎን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው።

5ኛ. ስለ ቦርሳው። የወንድሜ ቦርሳ ውሃ የማያስገባ ስለሆነ ተንሳፍፎ ተገኝቶ በመጋዘናችሁ ተቀምጧል። እናቴ ቦርሳውን መውሰድ የምትችለው «የምርመራውን ውጤት አንብቤ ተቀብያለሁ» በሚለው ወረቀት ላይ ከፈረመች ብቻ እንደሆነ ተነግሯታል። እናቴ የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ከቦርሳው የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሳይታጠብ የሄደውን ሹራቡን። ሽታው ከመጥፋቱ በፊት ማለቷ ነው፤ እንዲህ ብላ ግን ለዘበኛ መናገር አልቻለችም። እነሆ አንዲት እናት ሹራብ ለማሽተት ልጇን ዝርክርክ ብላ እንድትፈርምበት አደረጋችሁ። ይህን ዘዴ ያፈለቀው ሠራተኛ ዕድገት ካልተሰጠው ትልቅ በደል ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ካሣ ፈልጌ አይደለም። ማንም እንዲባረር አልጠየቅኩም፤ እርስዎም በወንበርዎ ይሰንብቱ። የምለምነው ሦስት ቃላት እንዲሰረዙ ብቻ ነው። «በቂ ዝግጅት ሳያደርግ» የሚለው ይውጣ። በቦታው ሌላ መጻፍ የሚከብድ ከሆነ ባዶ ይተው፤ ባዶ ቦታ መተው ለጽሕፈት ቤታችሁ አዲስ አይደለም። ወንድሜ በሕይወቱ ሳይዘጋጅ ያደረገው አንድም ነገር የለም። ሰው ከሞተ በኋላ ብዙ ነገር ሊወሰድበት እንደሚችል አይቻለሁ፤ መዘጋጀቱ ግን የእሱ ነው፣ ይተውለት።

የሰጣችሁኝን ፈቃድ በተመለከተ፣ በታንኳ መሳፈሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ ዘጠኙ ጉቶዎች የት የት እንዳሉ መካኒኩ በእጁ የሣለውን ንድፍ አያይዣለሁ። ለጎብኚዎች የሚጠቅም መረጃ ስለሆነ እንደማይቆጡ ተስፋ አለኝ፤ ቢቆጡም ከሰሌዳው ለማንሣት ወረቀት ፎቅ ወጥቶ መውረድ ስላለበት ጊዜ አለን።

ጤናዎ እንዲጸና፣ ደጅዎ እንዳይጎድል፣ ከቤትዎ ወጥቶ የሚያድር ልጅዎ ሁሉ የሚያድርበት እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ ላጠፋሁት ጊዜዎ ይቅርታ በመጠየቅ፣ ለሰጣችሁን ሁሉና በተለይም ለወሰዳችሁብን በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በቆጥ ቁጥር አራት ላይ ሕጋዊ ቦታ የተያዘለት፣
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣
የኮሚቴው ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነገሩ ተለውጧል። እናቴ ትናንት እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጽሕፈት ቤታችሁ መጥታ ፈርማ፣ ቦርሳውን ይዛ ገብታለች። መርማሪዎችዎ ቦርሳው በተገኘበት ቀን ያሰሩበት ሽቦና ቀይ ማኅተም ሳይነካ ነው ያገኘሁት፤ ስለ ዝግጅቱ የፈረዱት ዝግጅቱን ከፍተው ሳያዩ መሆኑ ነው፤ የሟችን ዕቃ ላለመበርበር ያሳዩትን ጨዋነት አደንቃለሁ። ከእናቴ ጋር ስንከፍተው ከላይ ሹራቡ ነበር። ከሹራቡ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ያ በግድግዳችን ላይ የነበረው ዝርዝር ነበር፤ ሁሉም ተራ ቁጥር ራይት ተደርጎበታል። በመጨረሻው፣ በሠላሳ አንደኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቢሮ ተደውሏል፣ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ፣ ፈቃድ ክፍል። ቆጥ 4 አሁንም አለ ወይ? አለ። ጣሪያውስ? እሱም አለ።» ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ዋናውን ግን እንዳትጠይቁን፤ እናቴ ከእንግዲህ ለማንም ምንም አትፈርምም።