ያለ ነጂብ ፈቃድ የማይጠፋው ፎልደር

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለነጂብ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? በየክረምቱ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ ተከትሎህ ሄደ? ምን ትበላለህ፣ ከማን ጋር ታድራለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አባባ ከእግሩ በቀር ደህና ነው። ትንሿ እህታችን ሁዳ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ምላሷ ግን አሥረኛ ደርሷል። እማዬን ደህና ናት ብዬ አልዋሽህም። ድምፅህን ከሰማን ሰባት ወር ሆነን። ስልክህ ላይ ስንደውል አንዲት ሴት በፈረንሳይኛ ትመልስልናለች። እማዬ ምን እንደምትላት ባታውቅም ሴትዮዋ ስትጨርስ «እሺ ልጄ» ብላ ነው የምትዘጋው።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ወንድሙ ጅቡቲ አልሄደበትም። እማዬ በየሰኞው ባቲ ትወርዳለች። ለገበያ ነው ትበል እንጂ እኔ ያተምኩላትን ጉርድ ፎቶህን ይዛ ከአፋር በኩል የሚመጣውን ሁሉ ስትጠይቅ ትውላለች። እንድሪስ የሚባለውን የከባድ መኪና ሾፌርም ያገኘችው እንዲያ ነው። ወደቡ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ የከሚሴ ልጅ እንደሚሠራ ሰምቻለሁ ስላላት ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ልጁ አንተ ካልሆንክ ደብዳቤው የሌላ ሰው ወንድም እጅ ይገባል። እሱም ቢሆን እባክህ ቤቱ ይደውል።

ታይፒስት ሆና በእስክሪብቶ ትጽፋለች ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሳቅ፤ ብቻ የምትስቅ ሁን። ሱቁ ውስጥ ትተህልኝ የሄድከው ኮምፒውተር ቦታ የለኝም ብሎኝ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የድሮው ዊንዶውስ ከእንግዲህ አይታደስም ተባለና ጓደኛህ ኢልያስ ሱቃችን መጥቶ አዲስ ጫነልኝ። አዲሱን ሲጭን ግን የድሮውን አላጠፋውም። ቤት የለወጠ ሰው አሮጌ ዕቃውን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎ እንደሚተወው ሁሉ፣ የድሮው ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ፎልደር ውስጥ ቀረ። ያ ፎልደር የዲስኩን ግማሽ ይዞ ቁጭ አለ። ቀስ በቀስ ዲስኩ ሞላና የቀረውን ቦታ የሚያሳየው መስመር ቀይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መከራ ነው። ባለፈው አንድ አዛውንት ከጨፋ ሮቢት ድረስ ስለ መሬታቸው ወሰን ማመልከቻ ሊያጽፉ መጡ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩላቸው። ላስቀምጠው ስል ቦታ የለም አለኝ፤ ከዚያ ማሽኑ ደርቆ ቀረና ሁሉም ጠፋ። እሳቸው «ልጄ፣ እንደገና ልንገርሽ?» ሲሉኝ እንባዬ መጣ። እኔን ሲያባብሉ የሮቢት ሚኒባስ አመለጣቸው።

ፎልደሩን ላጥፋው ስል ደግሞ፣ ይህን ለማጥፋት ፈቃድ ያስፈልጋል ይለኛል። ፈቃድ ከማን? በሩን የምከፍተው እኔ፣ የምዘጋው እኔ። እንደገና ሞክሪ የሚለውን ስጫነው ያንኑ ይደግምልኛል፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ውስጡ ያለው ትልቁ ፎልደር በስምህ የተሰየመ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት ይወጣ የነበረው «ነጂብ» የሚለው ስም። ሁዳ አንብባ ለእማዬ ነገረቻት። እማዬም ማሽኑ እውነቱን ነው አለች። የሌለ ሰው ዕቃ ያለ ኢዝኑ፣ ያለ ፈቃዱ አይነካም፣ ባለቤቱ ይጠየቅ አለች። እኔም ስቄ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ያኔ ነበር መጠንቀቅ የነበረብኝ።

ሲቸግረኝ ኢልያስን መልሼ ጠራሁት። እማዬ የአባባን መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ በዚያው ሱቁ በር ላይ አረፍ ብላ ነበር። ኢልያስ ያንን ጥቁር መስኮት ከፍቶ የሆነ ትእዛዝ ጻፈበት፤ ፊደሉ እየተግተለተለ ወረደ። ከዚያ ደስ ብሎት ጮክ ብሎ «በቃ! ባለቤትነቱን ከነጂብ ላይ አንስቼ ወደ ፋኢዛ አዙሬዋለሁ። አሁን ያንቺ ነው፣ እንደፈለግሽ አጥፊው» አለ።

ወንድምዓለም፣ ያቺን ቃል ምነው በዋጣት ኖሮ። የጠፋ ሰው ንብረት ሞቱ ሳይታወቅ ለዘመድ እንደማይዞር ታውቃለህ። ዞረ ማለት ሰውየው ሞቷል ተብሎ ተፈረደ ማለት ነው። እማዬ የሰማችው ይህንን ነው። ከተቀመጠችበት ተነስታ «ሂን ታኡ! አይሆንም! ልጄን በቁሙ ወረሳችሁት!» ብላ ጮኸች። ባጃጆቹ ቆሙ፣ ከመናኸሪያው ሰው ተሰበሰበ። ኢልያስ ላብ በላብ ሆኖ ፋይል ነው እኮ፣ መሬት አይደለም ቢላት፣ መሬቱንስ ቢሆን እንዲህ አይደል የምትጀምሩት አለችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እህትህ ወረሰችህ» እያለች አለቀሰች። ሰው ሁሉ እኔን ያየኝ ነበር። የምገባበት ጠፋኝ።

እማዬ አእምሮዋን ስታ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጎረቤታችን ፋጡሜ፣ ምናለ ለነጂብ ነፍስ ሰደቃ ብታወጡለት ብላት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ሞትህን የሚያወራ ሰው ትጠብቅ ነበር፤ ያገኘችው እኔን ሆነ። አባባ ቢጨንቀው በምርኩዝ ሄዶ የመስጊዳችንን ሸህ ጠየቃቸው። እሳቸውም ስለ ኮምፒውተር የሚናገር ኪታብ አላነበብኩም፣ ልጁን ግን ፈልጉት ብለው ሰደዱት። አባባ ሲመለስ ምን አሉህ ብንለው፣ ፈልጉት አሉ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ማን ይፈልግህ? እሱ ከመስጊድ አያልፍ፣ እኔ ከመናኸሪያ አላልፍ።

ባለፈው ሰኞ እማዬ ባቲ ስትሄድ በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ላጠፋው ተቀመጥኩ። አትፍረድብኝ፤ ሱቁ ከተዘጋ ሁላችንም የምንገባበት የለንም። ማሽኑ አሁን ፈቃድ አልጠየቀኝም። የድሮዎቹን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። በመጨረሻ በስምህ ያለው ብቻ ቀረ፤ ለካ ቦታውን ሁሉ የያዘው እሱ ነበር። ሳላየው ላጥፋው አልኩ፣ ግን ከፈትኩት። የቀረጽካቸው ሰርጎች አሉ፣ የስንቱ ሰው ጉርድ ፎቶ አለ። ከእነሱ በታች «የፋኢዛ ልምምድ» የሚል አገኘሁ። ታይፕ ስታስተምረኝ ያጻፍከኝ ነው፤ «ጨፋ ላይ ዝናብ ዘነበ» የሚለውን አርባ ጊዜ ጽፌዋለሁ። የሳትኩትን በቀይ አስምረህበታል። መጨረሻው ላይ «ቀስ በይ፣ የትም አንሄድም» ብለህ ጽፈህልኛል።

አየህ ውሸትህን! ተናደድኩብህ። ጮክ ብዬ ሰደብኩህ፤ ባዶ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን። ፎልደሩን መርጬ አጥፊ የሚለውን ስጫን፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ የሚለው ላይ ቀስቱን አድርጌ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ጣቴ እምቢ አለኝ። ውጭ ሰው ሊያጽፍ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ እንኳ አልከፈትኩም። እማዬ ማታ ስትመለስ ነካሽው ወይ አለችኝ፤ አልነካሁትም አልኳት። ከዚያ ወዲህ የሚያጽፍ ሰው ሲመጣ ወደ ሌላ ሱቅ እየመራሁ እውላለሁ።

እና ወንድሜ፣ አሁን የቀረው ያንተ ኢዝን ብቻ ነው። ረጅም ደብዳቤ አልለምንህም። ለምን ሄድክ፣ ለምን ጠፋህ አልልህም። ሥራ ባይኖርህ፣ ብትታመም፣ ብታፍርም ግድ የለም። የሰው ስልክ ተውሰህ ደውልልኝና «አጥፊው» በለኝ። አንዲት ቃል ናት። ስልኩን እማዬ ጆሮ ላይ አደርግልሃለሁ። ካንተ አፍ ትስማው እንጂ፣ የዚያን ቀን ፎልደሩን ራሷ በጣቷ ታጠፋዋለች።

አባባ በዱዓ አስብሃለሁ፣ አንተም አትርሳኝ ይልሃል። ሁዳ ሰላም ካለችህ በኋላ ጫማ ቁጥሯ ሠላሳ አምስት መሆኑን ጻፊልኝ ብላለች። ኢልያስ ይቅር በለኝ ብሎሃል፤ እማዬ ፊት ለመቅረብ ፈርቶ በሩቅ እየዞረ ነው የሚያልፈው። ፋጡሜም ሰላም ብላሃለች፤ አፍራለች። እማዬን ደግሞ ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ «ምንም አትጻፊ፤ ሲደውል እኔው እነግረዋለሁ» አለችኝ።

እህትህ ፋኢዛ
ከሚሴ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.