እስከ ሰባት ለመቁጠር፤ የመምህር ባልቻ ዘርጋ ሕይወት (1948–2017 ዓ.ም.)

መምህር ባልቻ ዘርጋ ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምዘውድ ዘርጋና ከአባታቸው ከሚስተር ኮርማክ ሊነሃን ግንቦት 12 ቀን 1948 ዓ.ም. በእምድብር አቅራቢያ ተወለዱ። እናትም ልጅም ዘርጋ መባላቸው የአጻጻፍ ስሕተት አይደለም። አባታቸው በወልቂጤ የመንገድ ሥራ ላይ የነበሩ አየርላንዳዊ ቀያሽ ሲሆኑ፣ ልጃቸው በተወለዱ በስምንተኛው ወር ለዕረፍት ብለው ወደ አገራቸው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ሕፃኑን ያሳደጉት አያታቸው አቶ ዘርጋ ስማቸውንም አውሰዋቸው፣ እናትና ልጅ በአንድ አባት ስም ሲጠሩ ኖሩ።

ልጅነታቸውን ያሳለፉት በአያታቸው የእንሰት ጓሮ ነው። ፊታቸው ጠቃጠቆ ነበረው፤ ፀሐይም ቶሎ ታቃጥላቸው ነበር። ሌላው ልጅ ሲያጠፋ በአባቱና በጎሳው ስም እየተጠራ ይገሠጻል፤ እሳቸውን ግን “አንተ ፈረንጅ!” ብሎ ማለፍ ይበቃ ነበር። በስድቡ አልተቀየሙም። ያስቀናቸው የነበረው እንደ እኩዮቻቸው በአባት ስም መሰደብ እንደሆነ ጎልምሰው እየሳቁ አጫውተውናል።

ትምህርታቸውን በእምድብር በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በ1969 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ በመመረቅ ቡታጅራ ተመደቡ። በዚያም አሥራ ስድስት ዓመት ታሪክ አስተማሩ። ጠመኔ የማይለየው ኮታቸውንና ቀስ ያለ አነጋገራቸውን የቡታጅራ ሰው ዛሬም ያስታውሳል።

በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ከሥራ ቀጥሎ የሚመጣው ጋብቻ ነው። የመምህር ባልቻ ጋብቻ በ1972 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ ቀረ። የወደዷት ልጅ ዛሬ የልጅ ልጆች ያየች እናት ስለሆነች ስሟን አናነሣም። አቶ ዘርጋ ሽማግሌ ልከው፣ የልጅቷ ወገኖች እንደ ልማዱ የሥጋ ዝምድና አለመኖሩን ለማየት መምህር ባልቻን በአባታቸው በኩል እስከ ሰባት ትውልድ እንዲቆጥሩ ጠየቋቸው። እሳቸውም “አባቴ ኮርማክ ነው” አሉና ቆሙ። ከአየርላንድ ሰው ጋር ዝምድና ይገኝብናል ብሎ የሰጋ ሽማግሌ አልነበረም፤ ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው። ከመካከላቸው ሰው ማስቀየም የማይወዱት ትልቁ አባት፣ “ልጄ፣ አንተስ ደህና ሰው ነህ። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ግን ከማን ደጅ ሄደን እንጠይቅ?” አሏቸው። ልጅቷ በዓመቱ ተዳረች፤ መምህር ባልቻም እስከ ሰባት ሳልቆጥር ሁለተኛ ሰው ፊት አልቆምም ብለው ማሉ፤ መሐላቸውንም ጠበቁ።

በ1977 ዓ.ም. በሚሲዮኑ በኩል ያለፉ አንዲት አየርላንዳዊት መነኩሴ፣ ሊነሃን የሚባሉ ሰዎች በብዛት የሚኖሩበትን ደብር አድራሻ ሰጧቸው። መምህር ባልቻም ውርስ እንደማይፈልጉ፣ ቪዛም እንደማይጠይቁ፣ የሚፈልጉት ስም ብቻ መሆኑን ገልጸው ለደብሩ ቄስ ጻፉ። መልሱ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። አባታቸው አገራቸው በገቡ በስድስተኛው ዓመት በሳንባ ሕመም ሞተዋል። የጥምቀት መዝገቡ ደግሞ ኮርማክ የፓትሪክ ልጅ፣ ፓትሪክ የኮርማክ ልጅ፣ ኮርማክ የፓትሪክ ልጅ ይላል። በዚያ አገር ልማድ የበኩር ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳልና፣ እሳቸውም እዚያ ቢወለዱ ኖሮ ፓትሪክ ይባሉ ነበር። ይህን ባወቁ ሳምንት ክፍል ውስጥ ስም ሲጠሩ ራሳቸውን ረስተው “ፓትሪክ” ብለው ተጣርተው፣ አቤት የሚል ጠፍቶ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይተዋል።

ከአራተኛው አባት ወዲያ መዝገብ አልነበረም። በታላቁ የአየርላንድ ረኃብ ዘመን ሰው በገፍ ሲሞት ስሙን የሚጽፍለት እንኳ አልነበረም። ልማዱን ይዞ ለሄደ አምስተኛው ኮርማክ ይሆናል ብለን ብንወተውታቸው፣ መገመት መቁጠር አይደለም እያሉ እምቢ አሉን።

ሦስት ስም ሲፈልጉ የአንድ አገር ታሪክ አወቁ። በባርነት ተወስዶ በጎች ሲጠብቅ ኖሮ፣ ኋላ ባሪያ ያደረጉትን ሰዎች ሊያስተምር ስለተመለሰው ስለ ቅዱስ ፓትሪክ፣ በባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ ብራና ሲጽፉ ስለኖሩ መነኮሳት፣ ጨርቅ እየታሰረባቸው ስለሚለመንባቸው የጠበል ዛፎች ሳይሰለቹ ያነብቡ ነበር። ረኃቡን ያመጣውን የድንች መበስበስና የሚሊዮን ሰው ማለቅ ሲያስተምሩ፣ ሩፋይዳ የምትባል ተማሪ እጇን አውጥታ “መምህር፣ እንሰት አልነበራቸውም እንዴ?” አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ጥያቄዋን በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

የቡታጅራ ጎረቤታቸውና የልብ ወዳጃቸው፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ከማሉ፣ የእሳቸውን ፍለጋ እንደ ራሱ ጉዳይ የያዘ ሰው ነበር። ፖስታ በመጣ ቁጥር ሱቁን ዘግቶ እየመጣ “ስንት ደረስን?” ይላቸው ነበር። አራት ላይ መቆማቸውን ሲሰማ፣ “እኔ ወላሂ እስከ አሥራ አራት እቆጥራለሁ። ሦስቱን ልስጥህና ተገላገል” አላቸው። ያን ቀን አብረው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ መምህር ባልቻን ያን ያህል ሲስቁ ያየ ሌላ ሰው የለም።

ከአባታቸው የደረሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ይናገሩ እንደነበረው፣ ሚስተር ኮርማክ ወደ እምድብር በሚወስደው አንድ መንገድ ላይ ያረጀ ዝግባ ቢገጥማቸው፣ አለቆቻቸው እየተቆጡ መስመሩን አጥፈው ዛፉን አተረፉት። የአካባቢው ሰው ቆሌያችንን ፈርቶ ነው አለ። መምህር ባልቻ ግን አየርላንድ ውስጥ በሜዳ ብቻውን የቆመ ዛፍ ከኮረብታ ሥር የሚኖሩ ስውር ሕዝቦች ርስት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ገበሬ እንኳ እንደማይቆርጠው ባነበቡ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስደው ሄደው ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ዋሉ። አባታቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ያን ቀን በጥቂቱ እንደገባቸው እናታቸው ኋላ ከሌላ ሰው ለወለዷት እህታቸው ነግረዋታል።

በ1985 ዓ.ም. ወደ ወልቂጤ ተዛውረው፣ በ2008 ዓ.ም. በጡረታ እስኪሰናበቱ ድረስ አገልግለዋል። እናታቸው በ1994 ዓ.ም. ሲያርፉ ኑሯቸው ይበልጥ ጭር አለ። መስቀል በመጣ ቁጥር የወልቂጤ መናኸሪያ ይጨናነቃል፤ ጉራጌ ከያለበት ተጠራርቶ ወደ አባቱ ደጅ ይገባል። እሳቸው እህታቸው ወይዘሮ እሌኒ ቤት ሄደው ክትፏቸውን ቀምሰው፣ ልጆቹን መርቀው በዕለቱ ይመለሳሉ። እደሩ ብለን ስንይዛቸው “ቤት ሰው አለ” ይሉን ነበር፤ ማንም እንደሌለ ግን እናውቅ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የእህታቸው ልጅ ማዕዶት በኢንተርኔት ፈልጋ የአባታቸውን የአጎት ልጅ ወይዘሮ ኖራን አገኘችላቸው። ኖራ ደግ ሴት ናቸው፤ ሙሉውን የቤተሰብ ሐረግ ላኩላቸው። ወረቀቱ ላይ ከኮርማክ ስም ሥር “ሳያገባ፣ ዘር ሳይተካ ዐረፈ” ይላል። መምህር ባልቻ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ለሴትየዋ ምስጋና እንድትጽፍላቸው ማዕዶትን ለመኗት።

ማዕዶት ኮርማክ ልጅ እንዳላቸው ጽፋላቸው ነበርና፣ ኖራ በቃል ብቻ ሐረጉን ማረም እንደማይችሉ ገልጸው፣ በ2013 ዓ.ም. ምራቅ ተሞልቶ ለምርመራ የሚላክበት ትንሽ ብልቃጥ በመንገደኛ ላኩ። ምራቁ ብልቃጡ ላይ እስከተሰመረው መስመር ከሞላ የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቃል። መምህር ባልቻ ብልቃጡን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው “የእናቴን ቃል በምራቅ አላስመዝንም” አሉ። ሁላችንም አደነቅናቸው። ለሦስት ዓመት ያህል ይህ ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ፤ አዲስ አበባ እየተመላለሱ እጥበት ሲደረግላቸው ቆዩ። ባለፈው ታኅሣሥ አልጋ ላይ እንዳሉ ማዕዶትን ብልቃጡን እንድታመጣላቸው ጠየቋት። “እናቴን አክብሬ መስሏችሁ ነበር” አሏት፤ “ፈርቼ ነው። ባይሆንስ ብዬ። እናቴ ግን ዋሽታኝ አታውቅም፤ አምጪው።” ሕመሙ ውኃ እንደልብ አያስጠጣቸውምና አፋቸው ደርቆ ነበር። ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት ሞከሩ። ማዕዶት ብልቃጡን ከከንፈራቸው ሥር ይዛ፣ እሳቸው እንደ ተማሪ ዐይናቸውን ጨፍነው ታገሉ። ከመስመሩ እሩብ እንኳ አልደረሰም። በሦስተኛው ቀን “ተይው፣ አንቺን አደከምኩሽ” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መምህር ባልቻ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው፣ ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ጥር 20 ቀን በእምድብር ይፈጸማል። እህታቸውን ወይዘሮ እሌኒን፣ የእህታቸውን ልጆች ደረጄንና ማዕዶትን፣ ከቡታጅራ በሽምግልና ዕድሜው የመጣውን አቶ ከማሉን፣ የት የት እንዳሉ የማናውቃቸውን ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ልጅ አልነበራቸውም። ባሕር ማዶ ባለው ወረቀት ላይም እስከ ዛሬ የኮርማክ ልጅ የለም።

እዚህ፣ በእኛ ወረቀት ላይ ግን አለ። ባልቻ፤ አባታቸው ኮርማክ፣ የኮርማክ አባት ፓትሪክ፣ የፓትሪክ አባት ኮርማክ፣ የኮርማክ አባት ፓትሪክ። እኛ የምናውቀው እስከዚህ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። የቀሩት ሦስት አባቶችም ወደ ደጅ ወጥተው ይቀበሏቸው፤ ስማቸውንም ራሳቸው ይንገሯቸው።