ለቢራህ ሃያ የሰጠሁት እኔ ነኝ

ውድ አባዬ፣

ይህ ደብዳቤ ከውድድሩ ፖስታ ቀድሞ እስፔራንሳ ቤትህ እንዲደርስልኝ ብዬ ዛሬውኑ እልከዋለሁ። ያኛው ፖስታ ሲመጣ ሦስት ወረቀት ታገኛለህ፤ በእያንዳንዱ ግርጌ የዳኛው ስም አለ። አንዱ የዴልፎር ነው። ስሙን ስታይ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ እዚህ ልጽፈው ግን ነውር ነው። ሁለተኛው የዙልማ ነው፤ የሮሳርዮ ከተማ ሴትዮ ናት። ሦስተኛው የእኔ ነው። ከሃምሳ ሃያ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ወረቀቱን ቀደህ ምድጃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ይህንን ጨርሰህ አንብብልኝ።

እንደምትወዳደር እኮ አልነገርከኝም። የቢራ ዳኝነት ኮርስ መጀመሬን በስልክ ስነግርህ፣ «ጎሽ፣ አንቺም ከነሱ ጋር ልትቀመጪ ነው» አልከኝና ወሬውን ወደ ዝናቡ ወሰድከው። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣህም። ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ ተደብቀህ ጠርሙስ ጠቅልለህ ወደ ሳንታ ፌው ውድድር መላክህ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አንጀቴን በላው።

ያ የዛሬ ስምንት ዓመቱ የመጀመሪያው ውድድር እንዴት ይረሳኛል? ለዚሁ ለጥቁሩ ቢራህ አሥራ ዘጠኝ ተሰጠህ፤ ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ ዴልፎር፣ አብሮ አደግህ፣ እሁድ እሁድ ጓሯችን ውስጥ ሥጋ ሲጠብስልን የኖረው ሰው። «ጠርሙሱ ቁጥር እንጂ ስም የለውም ይሉኛል! እሱ እኮ ቢራዬን ከእናቱ ወተት ቀጥሎ ነው የሚያውቀው! አውቆ ነው የቀበረኝ!» እያልክ ግቢውን ስትዞር ዋልክ። እሁድ እንደ ልማዱ ሥጋውን አንጠልጥሎ ሲመጣ ከበር ላይ ዓይንህን ላፈር ብለህ መለስከው። እናቴ ከመስኮት ሆና፣ «አዴልሞ፣ ሰውየው እኮ እንግዳ አይደለም» ብትልህ ማን ሰምቷት። እሷም ሳታስታርቃችሁ አረፈች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ኮርሱ ላይ ንጹህ ቢራ ያመጡና ጠብታ ነገር ጨምረውበት ጉድለቱን በማሽተት እንድንለይ ያስደርጉናል። የኮመጠጠ አለ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል አለ፣ እርጥብ ካርቶን የሚሸት አለ። አንዱን ብርጭቆ ሲያዞሩ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። መምህሩ እኔን ሲጠይቀኝ፣ «እሁድ ይሸታል» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የምሬን ነበር። የእኛ ጓሮ ነው የሸተተኝ፣ የእናቴ እጅ ነው የሸተተኝ። ከዚያ መምህሩ የቁስል ፕላስተር ሽታ እንደሚባል፣ በረኪና ከብቅል ጋር ሲገናኝ እንደሚመጣ ነገረን።

እናቴ «በረኪና ያልነካው ዕቃ ለሰው አይቀርብም» ትል አልነበር? ጠርሙሶቹን በዚያ አጥባ፣ ሳታለቀልቅ ገልብጣ ታደርቃቸዋለች። እሷ ካረፈች በኋላ አንተም እጅጌህን ሰብስበህ ልክ እንደሷ ታጥባለህ። የቢራህ ልዩ ጣዕም እያልን ለጎረቤት ስንኮራበት የኖርነው እሱ ነው አባዬ። እኛ ለምደነው ነው። ይህንን በስልክ እንዴት ይነገራል? ስመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብዬ ሳቆየው አንተ ቀደምከኝ።

ሰው ዳኛ ሲባል እየጠጣ ጢሙን የሚጠርግ ይመስለዋል። መጀመሪያ ማሽተት ነው፤ ከዚያ መልኩንና አረፋውን ማየት፤ መቅመስ የሚመጣው በኋላ ነው። ሁሉም የየራሱን ጽፎ ሳይጨርስ ማውራት አይፈቀድም። ጥያቄው ደግሞ ይጣፍጣል ወይ የሚል ብቻ አይደለም፤ ጥቁር የጀርመን ቢራ ነኝ ብሎ ከመጣ፣ በእርግጥ ነኝ ያለውን ነው ወይ የሚል ነው።

ያንተ ጠርሙስ ተከፈተ። ገና ሳሸተው ብርጭቆውን መልሼ አስቀመጥኩት። ሽታውስ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ ያለው የተጋገረ ዳቦ የመሰለ ብቅል ግን ያንተ ነው። ዙልማ ፊቷ አይታዘዝላትም፣ አኮሳተረችው። ዴልፎር ቀና ሳይል፣ «ዙልማ፣ ፊትሽን ሰብስቢ» አላት። እኔ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣

«ጋሼ፣ ጠማቂውን የማውቀው ይመስለኛል» አልኩት።

«ይመስልሻል ወይስ አይተሻል?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው የምታውቂው አንቺ ነሽ። ካቃተሽ ተነሺ፣ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ከተቀመጥሽ ግን ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ጻፊ።»

መነሳት እችል ነበር። ብነሳ የሚተካኝ ሰው «መጥፎ ሽታ» ብሎ ጽፎ ያልፋል፤ አንተም ሌላ ስምንት ዓመት ታኮርፋለህ። ስለዚህ ተቀመጥኩ። ጠርሙሱ እንዴት መታጠብ እንዳለበት፣ የብቅሉ ሥራ ከቀመስኳቸው ሁሉ የተሻለ መሆኑን ጻፍኩና ሃያ አልኩ። እጄ ወደ ሠላሳ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ውሸት ብሰጥህ አንተን መናቅ ይሆንብኛል።

ወረቀታችንን ስንገልጥ ዙልማ አሥራ ስድስት፣ ዴልፎር ሃያ አራት። ዳኞች ይህን ያህል ከተራራቁ ተከራክረው መቀራረብ አለባቸው። «ሆስፒታል የተኛሁ መሰለኝ እኮ!» አለች ዙልማ። «ሽታውን እለፊና ከሥሩ ያለውን ቅመሺ፤ ይህንን ብቅል እንዲህ የሚያወጣ እጅ እዚህ አገር ስንት አለ?» እያለ የተሟገተልህ ያ ጠላቴ የምትለው ሰው ነው። ሲጨርሱ ሁለቱም እኔ ወዳለሁበት፣ ወደ ሃያው፣ መጡ።

ማታ ላይ ሁሉም የሊሶ ቢራ ብርጭቆውን ይዞ ጥብሱን ሲከብ ዴልፎርን ለብቻው አገኘሁት።

«ያኔ ቢራው የአባቴ መሆኑን አውቀህ ነበር?»

«ገና ሳሸተው።»

«ታዲያ ለምን አልተነሳህም?»

«አንቺስ ለምን አልተነሳሽም?»

ይህን ብሎኝ ሥጋውን ማገላበጥ ጀመረ። «የነጥቡን ምክንያት ቤቱ ሄጄ ልነግረው ነበር፤ በሩን ዘጋብኝ» አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል አባዬ፤ እንግዲህ አውቆ ነው ስትል ልክ ነበርክ፣ ቀበረኝ ስትል ግን ልክ አልነበርክም። አሁን እኔም እሱ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በሩን ብትዘጋ በሁለታችንም ላይ ነው የምትዘጋው። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ጠርሙሶቹን በፈላ ውሃ አብረን እናለቀልቃቸዋለን። እሱም ልምጣ ወይ ብሎኛል። እኔ እሺ ብያለሁ፤ አንተ ትወስናለህ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዳኛ የሚጠጣው ሁለት ሦስት ጉንጭ ነው፤ የቀረው ባልዲ ውስጥ ይደፋል፣ ደንቡ ነው። ያንተን አልደፋሁትም። ሰዉ ለምሳ ሲወጣ ጠርሙሱን ይዤ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ብቻዬን ቆምኩና፣ ሃያ የሰጠሁትን ቢራ፣ እናቴን እያሸተትኩ፣ አንጠፍጥፌ ጠጣሁት።

ልጅህ ኢሌያና