ስለ ልጄ ቡጢና ስለ ዳኛው መንጋጋ

ይድረስ ለክቡር የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ድምፅዎም ያኔ በሬዲዮ ኳስ ሲያስተላልፉ እንደነበረው የጎላ ይሁንልኝ እያልኩ፣ እኔ የሟቹ ተከላካይ አባት፣ ጡረተኛው ግንበኛ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎልማሳነት በኋላ ስለሆነ መስመሬ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ ግንብ ቢሆን ኖሮ አይንጋደድም ነበር።

የላኩልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። በመጪው እሑድ በስታዲየሙ በር ላይ የልጄ የነሐስ ቡጢ እንደሚመረቅ፣ ያኔ ፍጹም ቅጣት ምት የሰጠብን ዳኛም ሜዳው መሃል ቆሞ ሕዝቡንና እኔን ይቅርታ እንደሚጠይቅ አስነብቤም አንብቤም ተረድቻለሁ። ስለዚህ ደስታዬን በቁጥር ከፋፍዬ ልግለጽልዎ።

አንደኛ፣ ስለ ስሙ አመሰግናለሁ። ልጄ ዳኛውን በቡጢ መትቶ መንጋጋውን የሰበረው ዕለት «አውሬው» ብለው በሬዲዮ የሰየሙት እርስዎ ነዎት። ስሙ ከአፍዎ ወጥቶ ሳይውል ሳያድር በቤታችን በር ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ። እናቱ በነጭ ጋዝ ስትፈትግ፣ እነሱ መልሰው ሲጽፉ፣ ስትፈትግ፣ ሲጽፉ፣ ቀድማ የደከመችው እሷ ሆነችና ሞተች። ዛሬ ደግሞ ካርዱ ላይ «አንበሳችን» ብለውታል። አንበሳስ አውሬ አይደለም እንዴ፣ ክቡርነትዎ? ሰው ለመባል ስንት ዓመት ሞቶ መቆየት እንዳለበት ቢያስታውቁኝ እጠብቃለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ ሥራ የለኝም።

ሁለተኛ፣ ዳኛው «እጅ ነው» ያለው ኳስ የልጄን እጅ ሳይሆን ደረቱን እንደነካ የሚያሳየው የቆየ ፊልም በየስልኩ ከተዳረሰ ወዲህ አገር ምድሩ ወዳጃችን ሆኗል። ያኔ «መቀሴን አላቆሽሽም» ብሎ ልጄን ከወንበሩ ያስነሣው ፀጉር አስተካካይ ዛሬ ፎቶውን ከመስታወቱ በላይ ሰቅሎ፣ ባለፍኩ ቁጥር «አባባ፣ እዚህ ወንበር ላይ እኮ ነበር የሚቀመጠው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እስኪያስነሣው ድረስ ተቀምጧል። እኔ ግን ደረትም ይሁን እጅ፣ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው መምታት ነውር ነው ብዬ ያኔውኑ ለልጄ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ቡጢው ያው አንድ ቡጢ ነው፤ ያኔም ልክ አልነበረም፣ ዛሬም ልክ አልሆነም። ከሆድ ወደ ጀርባ የተገላበጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ሐውልቱን ሄጄ ሸራውን ገልጬ አየሁት። ዘበኛው ሲቆጣኝ «የልጄ እጅ ነው» አልኩት፤ ዋሽቼዋለሁ። ወደ ሰማይ የተነሣው ቀኝ እጅ ነው። ልጄ ግራኝ ነበር፤ በግራ በላ፣ በግራ ጻፈ፣ በግራ መታ። የማንን እጅ እንዳቆማችሁ ባላውቅም፣ ለባለቤቱ እንኳን ደስ አለህ በሉልኝ።

አራተኛ፣ የዕድሜ ልክ እገዳው ከኳስ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ከሰውም ኖሯል። ልጄ መጋዘን ገብቶ ተሸካሚ ሆነ። ጆንያ ደግሞ ለሁለት ነው የሚነሣው፣ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ፤ ከአውሬ ጋር የሚያነሣ ግን ጠፋ። ብቻውን ሲያነሣ ኖሮ፣ ብቻውን ሲያነሣ ልቡ ቀጥ አለ። ያንን ጫፍ አንይዝም ያሉት ባልደረቦቹ አሁን ሥዕሉ ያለበት ከናቴራ ለብሰው ይጭናሉ አሉ፤ ይመቻቸው።

አምስተኛውና ዋናው ዳኛው ነው። ልጄን ያብጠለጠላችሁበትን አፍ ሳትጉመጠመጡ ወደ እሱ አዙራችሁታል። መስኮቱ ተሰብሯል፣ በሩ ላይ «ሌባ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሽማግሌ ነው፣ መንጋጋው ጠምሞ ስለቀረ ሲያኝክ ይንቋቋል። እኔ አዝኜለት እንዳይመስልዎ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሣል፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ እስክንሞት እንዲሁ ነን። ነገር ግን ጥላቻው የእኔ ነው፤ ያለ ማንም እርዳታ ብቻዬን ያሳደግሁት ነው፤ ዛሬ በጭብጨባና በድምፅ ማጉያ እናግዝህ አትበሉኝ። በልጄ ላይ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ እንዲደገም የልጄን ስም አላውሳችሁም። ስለዚህ ያንን የይቅርታ ነገር ከመርሐ ግብሩ ይሰርዙልኝ። ካልሰረዙት እመጣለሁ፣ ማይኩንም እይዛለሁ፣ «አውሬው» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣው ለተሰበሰበው ሁሉ እነግራለሁ። ሕዝብ ደግሞ፣ ከእርስዎ የሚሰወር አይደለም፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይፈልጋል።

በተረፈ ሕዝቡ ስለ እርስዎም ሐሳቡን ሲለውጥ ለማየት የሚያበቃ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት ደብዳቤዬን እቋጫለሁ።

ታዛዥዎ ለመሆን ያልታደለው፣
የግራኙ አባት

ማሳሰቢያ፦ ካርዱ ላይ ከፊት ረድፍ ስንት የቤተሰብ ወንበር እንዲያዝልኝ ጠይቃችኋል። ልጄን ስንቀብር ከቆፋሪዎቹ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ እኔ፣ ሌላው ማንም ሳይጠራው መጥቶ ራቅ ብሎ የቆመው ያ ዳኛ። ስለዚህ ሁለት ወንበር ይበቃናል። በመካከላችን አንድ ባዶ ወንበር ይተዉልን፤ እርስዎ ግን እንዳይቀመጡበት አደራ።