ሳይነበብ ስለታተመው ማኅተምና አንብባ ስለታገደችው ሐናን

ሰኔ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኃይለመለኮት፣
የደቻቱ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ መልእክት ማእከል ዋና ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ በአምላኬ ቸርነት ከጉልበቴ በቀር ሁለንተናዬ ደኅና ነው። የሰኔ ሙቀት እንዳያገኝዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳያሳፍርዎ፣ ወንበርዎም ጎርፍ በማይደርስበት ሦስተኛ ፎቅ እንደ ጸና ይኖር ዘንድ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ መሪጌታ ሣህሉ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከደቻቱ ድልድይ ማዶ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማርኩ ሽማግሌ፣ ይህን በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በግል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤታችሁ በሰላም ስላረፉ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። የማእከልዎ የሶፍትዌር ባለሙያ ወይዘሪት ሐናን መሐሙድ ከሥራ ታግዳ የፊታችን ረቡዕ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ጥፋቷ በእገዳ ደብዳቤዋ እንደ ሰፈረው «ተመርምሮ ማኅተም ያረፈበትን ሥርዓት ያለ ፈቃድ ከፍቶ ማንበብ» ነው። በሰባ ስድስት ዓመት ዕድሜዬ ሰው ባለማንበቡ ሲቀጣ ብዙ አይቻለሁ፣ እኔም ቀጥቻለሁ፤ በማንበቡ ሲቀጣ ግን የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ዕድሜ ሰጥቶ ይህን ላሳየኝ አምላክ ምስጋና አቀርባለሁ።

ላልሰማው አንባቢ የሆነውን ላስታውስ። በሚያዝያ መጨረሻ፣ እዚህ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ላይ በተራራው ዝናብ ጣለ። በተራራው ሥር ያለው የውኃ መለኪያ መሣሪያ ለማእከሉ ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተሩም በደረቁ የወንዙ አሸዋ ላይ ለሚነግዱት ሁሉ በስልካቸው ማስጠንቀቅ ነበረበት። መልእክቱ ከጎርፉ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ። ፈሃድ የተባለ ባለ ባጃጅ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ጥሩምባውን ባያስጮኸው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ደብዳቤ ሳይሆን የሙታን መዝገብ በሆነ ነበር። ሐብሐብ የምትሸጠው ወይዘሮ ሃሊሞ ነፍሷን ይዛ ወጣች፤ ሐብሐቦቿ ግን በጎርፉ ላይ በሰልፍ ወደ ቆላ ወረዱ። ስልኳ በመጨረሻ ሲጮህ ታዲያ፣ «መሪጌታ፣ ወንዙ መጥቶ ሄዶ ሲያበቃ መልእክተኛው ደረሰ» ብላ አሳቀችን።

ቅሬታዎቼን፣ ወይም ምስጋናዎቼን፣ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ልበ ሰፊነታችሁ። ሐናን እንዳስረዳችኝ፣ ዛሬ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሁሉን ከሥሩ አይጽፍም፤ ሌሎች ጽፈው ለዓለም በነፃ የለቀቋቸውን፣ ክፍት ምንጭ የሚባሉትንና ፓኬጅ የተሰኙትን ትንንሽ ክፍሎች ወስዶ ይገጣጥማል። መልካም ልማድ ነው፤ እኛም መጻሕፍትን እየተዋዋስን ስንገለብጥ ነው የኖርነው። ነገር ግን ከፓኬጆቹ አንዱን፣ ሰዓት ከማመሳሰል በቀር ሥራ የሌለውን፣ ሠሪው ቢደክመው በአካል ለማያውቀው ትሑት አጋዥ አስረከበው፤ አጋዡም ሁለት ዓመት ሙሉ ስሕተት ሲያርም ቆይቶ፣ መታመኑን ባረጋገጠ ጊዜ ጥቂት ተንኮል አዘል መስመሮች ሸጎጠበት። በእነዚያ መስመሮች ትእዛዝ የማእከላችሁ ኮምፒውተር ጉልበቱን ሁሉ አፍስሶ ለአንድ ስም የለሽ ሰው ዲጂታል ሳንቲም ሲፈለፍል ሰንብቶ፣ ጎርፉ ሲመጣ ለእኛ የሚሆን ትንፋሽ አልተረፈውም። ድሬዳዋ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የእንግዳውን ስም ሳንጠይቅ ቤቱን አስረክበን መውጣት የጀመርነው ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትጋታችሁ። በእኛ ዘንድ ደቀ መዝሙር የዜማ መጽሐፍ ገልብጦ ሲጨርስ፣ አንዱ ዋናውን እያነበበ፣ ሌላው ቅጂውን በጣቱ እየተከተለ፣ ምልክት በምልክት ይታረማል፤ ሳይታረም የተጠረዘ መጽሐፍ ቅኔ ማኅሌት አይገባም። አባቴም ባቡር ከመነሣቱ በፊት የየፉርጎውን መንኮራኩር በመዶሻ እየመታ ስንጥቁን በጆሮው ያዳምጥ ነበር። እናንተም መምታቱን አልተዋችሁም፤ የፓኬጆቹን ስም ዝርዝር በአርባ አንድ ገጽ አውጥታችሁ በየገጹ «ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ማኅተም መትታችኋል። የቀረው ማዳመጡ ብቻ ነበር። ተንኮለኛው ፓኬጅ በገጽ አሥራ ሰባት፣ ማኅተሙን በግንባሩ ላይ ተሸክሞ፣ ከሁሉም ይልቅ ሕጋዊ መስሎ ይታያል።

ሦስተኛ፣ ሐናን ከጎርፉ ማግስት ኮድ የሚባለውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ ከፍታ አነበበች፣ እንክርዳዱን ለይታ ነቀለች፣ ለእርስዎም ሪፖርት አደረገች። ስለዚህ ታገደች።

አራተኛ፣ ስለ ሥርዓት አክባሪነታችሁ። ፓኬጁ ማኅተም ስለነበረው፣ መውጣቱ ግን ማኅተም ስላልነበረው፣ ሐናን በታገደች በሦስተኛው ቀን ወደ ቦታው በክብር መመለሱን ሰምቻለሁ። ክረምቱ ደጃችን ላይ ነው። ወይዘሮ ሃሊሞም አዲስ ሐብሐብ አምጥታ እዚያው አሸዋ ላይ ደርድራለች፤ የእናንተን መልእክት አምና እንዳይሉ፣ ፈሃድን ድልድዩ ላይ አቁማ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ ሐናን ወደ ወንበሯ እንድትመለስ፣ ያ ፓኬጅም እንዲወጣ፣ ከእንግዲህ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን ሁሉ ማኅተም ሳይሆን ሁለት ጥንድ ዓይን እንዲያየው ነው። ሐናን አንድ ጥንድ አላት። ሌላውን ጥንድ ከመሥሪያ ቤትዎ ፈልገው ቢያጡ፣ ያስተማርኳቸው አራሚዎች አሉኝ፤ ኮድ አያውቁም፣ ሳያነቡ ግን አይፈርሙም።

እግዚአብሔር ዘመንዎን ያርዝምልኝ፤ የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅ፤ ከእጅዎ በፊት ግን ዓይንዎ ይቅደም እያልኩ፣ ለከፍተኛ ወንበርዎ ከዝቅተኛው ወንዝ ዳር ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

መሪጌታ ሣህሉ
ከደቻቱ ድልድይ ማዶ

ማስታወሻ፦ ምርመራው መደረጉን አምኜ እንድቀመጥ ማእከሉ የሰጠኝን የአርባ አንድ ገጽ ቅጂ፣ በልማዴ ምክንያት፣ ሁሉንም አነበብኩት። ገጽ ሃያ ሦስት የፓኬጅ ዝርዝር አይደለም፤ ከማተሚያው ጋር የወጣ የሠራተኞች የምሳ ትእዛዝ ነው። እርሱም ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ቀኑ የመጋቢት ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም መካከል ሲሆን፣ በሦስተኛው ረድፍ ደረቅ ጥብስ ያዘዘው ሰው ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል። ስሙን በእናንተ ሥርዓት ሳላነብ አልፌዋለሁ፤ ረቡዕ ሐናን ከተቀጣች ግን መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ።