የጭራ አጥንታችን በመጋዝ ስለ መቆረጡ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ወገብዎ። እኔ ታላቅ እህትዎ፣ በልጅነትዎ አፍንጫዎን እየጠረግሁ «አንተ» ስልዎት የኖርኩ ብሆንም፣ ዛሬ የምጽፈው እንደ ተማሪ እናት ስለሆነ እንደ ማዕረግዎ አንቱ ብያለሁ።

አንደኛ፣ በባዮሎጂ ክፍል የቆመውን የፕላስቲክ አጽም «ለልጆች ነውር ነው» ብለው የጭራ አጥንቱን በመጋዝ ስላስቆረጡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። አጥንቷ ጭራ ከነበራቸው የሩቅ አያቶቻችን የቀረች መሆኗን ያስተማሩት መምህርም ታግደው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ደረጃ ላይ ተንሸራትተው በመቀመጫዎ ሲወድቁ ተሰነጠቀ የተባለው ይኸው አጥንት መሆኑን ስሰማ፣ ነውር እንዲህ ማመሙ ገረመኝ።

ሁለተኛ፣ የሰው ክንድ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍና የዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ ጎን ለጎን የተሳሉበትን ሥዕል አስወርደዋል። በሦስቱም ከላይ አንድ አጥንት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ጣቶች አሉ፤ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል። ከሌሊት ወፍ መዛመድ ቢያሳፍርዎት አልፈርድብዎትም። ዘመድ አይመረጥም፤ እኔም በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲናገሩ እየሰማሁ ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ሦስተኛ፣ የዘር ውርስ ትምህርት «ቤተሰብ ይበትናል» ብለዋል። አባታችን ደሙ ኤ፣ እናታችን ቢ፣ እርስዎ ደግሞ ኦ ሆነው ሲገኙ አክስታችን እናታችንን ስንት ዓመት እንዳማቻት ያውቃሉ። ሁለቱም ወላጆች ኦን ደብቀው ይዘው ለልጃቸው ሊያወርሱ እንደሚችሉ ያስረዱንና የእናታችንን ስም ያጸዱት እኚሁ መምህር ናቸው። ውለታቸውን በእገዳ መክፈልዎ የእርስዎ ደግነት ነው።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ልጄ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ፈተናው ደርሷል፣ ክፍሉ ግን አስተማሪ የለውም። ተናድጃለሁ። መምህሩን ይመልሱልን።

በእናትም በአባትም ልክድዎት ያልቻልኩ፣ ከወንበርዎ ፊት እጅ ነስቼ የምቆም፣
ታላቅ እህትዎ

ማሳሰቢያ፦ «መምህራችን ካልተመለሱ ክፍል አንገባም» ብለው ግቢው ውስጥ የተቀመጡትን ተማሪዎች የምትመራው የእርስዎ ልጅ ናት። ብመክራት፣ ብለምናት፣ ንቅንቅ አልል አለች። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ እናቷ እንደሆነች፣ ሁላችንም እንደምናውቃት፣ ገር ሴት ናት።